ባለ 22ቷን ጠመንጃ እንዴት ልምረጥ?

ጋሼ መጀመሪያ ሲያይዋት ሳቁ። “ይቺ ደግሞ ምንድን ናት? የወፍ ማባረሪያ ናት?” አሉኝ። ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። ምንሽርም ክላሽም ትከሻቸው ላይ አንግተው ያደሩ ሰው ናቸው። ባለ 22ቷ እጃቸው ላይ መጫወቻ መሰለች። ቆመው አምስት ጥይት ተኮሱ። 25 ያርድ ላይ የተሰቀለውን ወረቀት ወደ እኛ ስንስበው አምስቱ ቀዳዳዎች እንደ ተበተነ ሽምብራ ተራርቀዋል። ጋሼ ዝም አሉ። ወረቀቱን አገላብጠው አዩት። ከዚያ “እስቲ ሌላ አጉርሳት” አሉኝ።

ያን ቀን 200 ጥይት ጨረስን። ወጪው ከአንድ በያይነቱ ዋጋ ብዙም አይበልጥም። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት እየደወሉ “ዛሬ አንሄድም?” የሚሉት እሳቸው ናቸው።

እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ስለዚህ የምጽፈው አሜሪካ ላለ ሰው ነው። ለስፖርት መተኮስ የሚፈልጉ ወዳጆች “የቱን ልግዛ?” እያሉ ስለሚጠይቁኝ፣ ለሁሉም በአንድ ቦታ ልጻፈው ብዬ ነው። ከመደብር መስታወት ጀርባ አይታችሁ የወደዳችሁት ጠመንጃ ወረቀት ላይ ሊያሳፍራችሁ ይችላል። እኔን አሳፍሮኛል፤ ታሪኩን እታች አወራዋለሁ።

ባለ 22 የምንላት ጥይት ሙሉ ስሟ “22 ሎንግ ራይፍል” ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1887 ስቲቨንስ የተባለው ፋብሪካ አወጣት፤ እስከ ዛሬ ገበያ ላይ አለች። ሪምፋየር ትባላለች። በትልልቆቹ ጥይቶች ባሩዱን የሚለኩሰው ቅመም ቀለሃው ግርጌ መሃል ላይ ባለች ትንሽ ቆብ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። በሪምፋየር ግን ቅመሙ የቀለሃው ግርጌ ጠርዝ ውስጥ ዙሪያውን ተቀብቷል። መምቻው መርፌ ጠርዙን ሲቀጠቅጠው ይለኮሳል። አሠራሩ ቀላል ስለሆነ ዋጋዋ ርካሽ ነው። ከተተኮሰች በኋላ ግን ቀለሃው ተመልሶ አይሞላም።

አረሯ አብዛኛውን ጊዜ 40 ግሬይን ትመዝናለች፤ 2.6 ግራም መሆኑ ነው። ርግጫ የላትም ማለት ይቻላል። ለተማሪ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው። ትከሻችሁን ስለማትመታ ዓይናችሁን አትጨፍኑም፤ ከሳታችሁም ጥፋቱ የእናንተ መሆኑ ወዲያው ይታያል። ግን ትንሽ ናት ብላችሁ እንዳትንቋት። ሰው ትገድላለች። ወደ ላይ ሰያፍ ከተተኮሰች እስከ 2.4 ኪሎ ሜትር ድረስ ልትሄድ ትችላለች።

አንደኛ፦ ምን ልትተኩሱበት እንደሆነ ወስኑ

ብዙ ሰው ይሄን ዘሎ ነው ሱቅ የሚሄደው። የጨዋታው ዓይነት ግን የጠመንጃውን ክብደት፣ ቃታውንና ማነጣጠሪያውን ይወስናል።

ለጀማሪ በጣም የምወደው ሲኤምፒ የተባለው ድርጅት የሚያዘጋጀው “ሪምፋየር ስፖርተር” ነው። ውድ ዕቃ ያለው ሰው ገንዘቡን ይዞ እንዳያሸንፍ ተብሎ የተሠራ ውድድር ይመስለኛል። በመደበኛው ክፍል ጠመንጃው ከነማነጣጠሪያው ከ7.5 ፓውንድ ማለፍ የለበትም፤ ወደ 3.4 ኪሎ ነው። ቃታው ቢያንስ 3 ፓውንድ ክብደት መሸከም አለበት። ስኮፕ (አጉልቶ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ) ካላችሁ ከ6 እጥፍ በላይ ማጉላት አይፈቀድም። ተኝቶና ተቀምጦ በ50 ያርድ፣ ቆሞ በ25 ያርድ ይተኮሳል። በድምሩ 60 ጥይት፣ ሙሉው ነጥብ 600 ነው። በፈጣኑ ዙር አምስት ጥይት ለመተኮስ፣ በራሱ ለሚያጎርስ ጠመንጃ 25 ሰከንድ፣ በእጅ ለሚቀባበለው 30 ሰከንድ ይሰጣል። ይቺ የ5 ሰከንድ ልዩነት ቦልት (በእጅ የሚቀባበለውን) ለያዘው ሰው ተብላ የተጨመረች ናት።

“አፕልሲድ” የሚባለው ደግሞ ከውድድር ይልቅ ትምህርት ነው። ሁለት ቀን፣ በ25 ሜትር፣ በፈቃደኛ አስተማሪዎች ይሰጣል። በማሰሪያ ጠመንጃ ክንድ ላይ እንዴት እንደሚጠፈር፣ ትንፋሽ የት ላይ እንደሚያዝ ይነግሯችኋል። ፈተናው 40 ጥይት ሲሆን ከ250 ነጥብ 210 ያመጣ “ራይፍልማን” ተብሎ ምልክት ይሰጠዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ 210 ካመጣችሁ ጉራ ብትነዙ ማንም አይቀየማችሁም።

ከዚያ “ኤንአርኤል 22” አለ። በየወሩ አንድ ዓይነት የተኩስ ቅደም ተከተል ለየክለቡ ይወጣና በመሰላል፣ በአጥር፣ በጎማ ላይ ተደግፎ እስከ 100 ያርድ ይተኮሳል። ለዚህ ከባድ ቱቦ (በርሜል) እና የሚስተካከል ስኮፕ ያለው ጠመንጃ ይመቻል። ጫፍ ላይ ያለው የኦሊምፒኩ የ50 ሜትር ውድድር ነው። የዒላማው አስር ቁጥር ስፋት 10.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ኪሳችሁ ውስጥ ዳይም ካለ አውጡና እዩት፤ ዳይሟ ወደ 18 ሚሊ ሜትር ትሆናለች። ያችን ግማሽ ዳይም ነው በግማሽ መቶ ሜትር ላይ ቆመው የሚበሷት።

የለም፣ እኔ የፈለግኩት ከልጄ ጋር የቆርቆሮ ጣሳ ማንኳኳት ነው ካላችሁም ጥሩ ነው። ሥራው ቀለለላችሁ ማለት ነው።

ሁለተኛ፦ ሕጉን አጣሩ

አሰልቺ ነው፤ ግን በዚህ ቀልድ የለም። በፌዴራል ሕግ ከፈቃድ ካለው ነጋዴ ረጅም ጠመንጃ ለመግዛት 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። አንዳንድ ስቴት 21 ይላል። “4473” የሚባል ፎርም ትሞላላችሁ፤ ነጋዴው የጀርባ ማጣሪያ (ባክግራውንድ ቼክ) ይጠይቃል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ዜጋ ባይሆንም መግዛት ይችላል። በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በመሰል ጊዜያዊ ቪዛ የገባ ሰው ግን ከጥቂት የተለዩ ሁኔታዎች በስተቀር አይችልም። ጉዳያችሁ በጥገኝነት ሂደት ላይ ከሆነ መጀመሪያ ጠበቃችሁን ጠይቁ፤ ለአንድ ጠመንጃ ብላችሁ ወረቀታችሁን አታበላሹ።

አንድ ነገር ደግሞ በእኛ ሰው ዘንድ በየዋህነት ይደረጋል። ጓደኛ ገንዘብ ይሰጥና “ባንተ ስም ግዛልኝ” ይላል። ይሄ የፌዴራል ወንጀል ነው። ፎርሙ ላይ “ትክክለኛው ገዢ አንተ ነህ?” የሚለው ጥያቄ የተቀመጠው ለዚህ ነው። መኪና በስም እንደመግዛት አይደለም።

ስቴቶቹም ይለያያሉ። ኢሊኖይና ኒው ጀርሲ ያሉ ሰዎች አስቀድመው መታወቂያ ካርድ ማውጣት አለባቸው። ጀርመን ያላችሁ የተኩስ ክለብ ገብታችሁ ቢያንስ 12 ወር አዘውትራችሁ ሳትለማመዱ የራሳችሁን መያዝ አትችሉም። እንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ ከፖሊስ የምስክር ወረቀት ያስፈልጋችኋል። እና እባካችሁ፣ “አገር ቤት ላለው አጎቴ ይዤለት ልሂድ” የምትሉ ሰዎች፣ አይሆንም። ከዚህ ማስወጣቱም እዚያ ማስገባቱም የመንግሥት ፈቃድ ይፈልጋል። ኢትዮጵያ በ1177/2012 ራሱን የቻለ የጦር መሣሪያ አዋጅ አላት። ለአጎት ጃኬት ይሻላል።

ሦስተኛ፦ ሳትገዙ ተኩሱ

ብዙ ሬንጆች (የተኩስ መለማመጃ ቦታዎች) ጠመንጃ ያከራያሉ። ገብታችሁ “መጀመሪያዬ ነው፣ ባለ 22 እፈልጋለሁ” በሉ። ማፈር የለም። አንዳንዱ ጀማሪ ዘጠኝ ሚሊ ሽጉጥ ተቀብሎ በሦስተኛው ጥይት እጁ እየተንቀጠቀጠ ይመልሳል። በዚያ መንገድ የሚገኝ ትምህርት የለም።

ከመግባታችሁ በፊት አራቱን ሕጎች በቃላችሁ ያዙ። ማንኛውም ጠመንጃ ጎርሷል ብላችሁ ያዙት። አፈሙዙ መምታት ወደማትፈልጉት ነገር በፍጹም አይዙር። ዓይናችሁ ዒላማው ላይ እስኪያርፍና ለመተኮስ እስክትወስኑ ድረስ ጣታችሁ ቃታው ላይ አይቀመጥ። ከዒላማው ጀርባ ምን እንዳለ እወቁ። የጆሮ መከላከያና የዓይን መነጽር ከመግቢያው በር ጀምሮ ይደረጋል፤ ባለ 22 ናት፣ ድምጿ ትንሽ ነው አይባልም።

ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላትም ጆሯችሁ ይልመዳቸው። “ሲዝ ፋየር” ሲባል ማንም ይበለው ማን፣ ወዲያው ተኩስ ይቆማል፤ ጣት ከቃታ ይነሳል። “ኮልድ” ሲባል ሰዎች ወረቀት ለመቀየር ወደፊት ይሄዳሉ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ጠመንጃ መንካት ቀርቶ ወደ ጠረጴዛው መጠጋት አይፈቀድም። አንዴ ጋሼ በኮልድ ሰዓት ጎንበስ ብለው ካዝናውን ሊያነሱ ሲሉ የሬንጁ ኃላፊ ጮኸባቸው። ተናደዱ። “እኔን? በዚህ ዕድሜዬ?” አሉ። መኪና ውስጥ ስንገባ ግን “ልጁ ልክ ነው” አሉኝ።

በአንድ ቀን ቢያንስ ሁለት ዓይነት ጠመንጃ ሞክሩ። አንድ በራሱ የሚያጎርስ፣ አንድ ቦልት። የትኛው ላይ ቸኮላችሁ? የትኛው ላይ ረጋችሁ? ለራሳችሁ መልሱ።

አራተኛ፦ ልካችሁን እወቁ

መጀመሪያ የሚያነጣጥረው ዓይናችሁ የቱ እንደሆነ ለዩ። ሁለት እጃችሁን ወደፊት ዘርግታችሁ በመዳፎቻችሁ መካከል ትንሽ ቀዳዳ ሥሩ። በቀዳዳው ሩቅ ያለ አንድ ነገር እዩ፤ የግድግዳ ሰዓት ይሁን። ግራ ዓይናችሁን ጨፍኑ። ሰዓቱ አሁንም ከታየ የሚመራችሁ ቀኙ ነው፤ ከጠፋ ግራው ነው። ቀኝ እጅ ሆኖ ግራ ዓይኑ የሚመራው ሰው ብዙ ነው። እንዲህ ከሆናችሁ በግራ ትከሻ መተኮስ መማር ወይም ግራ መነጽራችሁ ላይ ትንሽ ፕላስተር መለጠፍ ይቻላል።

ከዚያ የሰደፉ ርዝመት። ባዶ መሆኑን ያረጋገጣችሁትን ጠመንጃ የሰደፉን መጨረሻ ክንዳችሁ መታጠፊያ ላይ አስደግፉ። ጣታችሁ ሳይወጠር ቃታው ጋ መድረስ አለበት። ካልደረሰ ሰደፉ ረዝሟል። ስትተኩሱ ወደኋላ ትለጠጣላችሁ፣ አንገታችሁም ያማችኋል። ብዙ ሴቶችና ታዳጊዎች የሚቸገሩት በዚህ ነው። ሻጩ ግን “ትለምጂዋለሽ” ይላል። አይለመድም። አጭር ሰደፍ ያላቸው ሞዴሎች አሉ። ሩገር አሜሪካን ሪምፋየር ላይ ደግሞ የሰደፉ የኋላ ክፍል ተነቅሎ በሌላ ልክ ይቀየራል።

ጉንጫችሁ ሰደፉ ላይ ሲያርፍ ዓይናችሁ ያለ ፍለጋ ማነጣጠሪያው ላይ መገኘት አለበት። ፈተናው ቀላል ነው። ዓይን ጨፍናችሁ ትከሻችሁ ላይ አድርጉት፣ ከዚያ ግለጡ። አንገታችሁን ካንቀሳቀሳችሁ ልካችሁ አይደለም።

አምስተኛ፦ ዓይነቱን ምረጡ

በራሱ የሚያጎርስ ስንል በዚህ ዓለም ንጉሡ ሩገር 10/22 ነው። ከ1964 ጀምሮ ይሠራል። አሥር ጥይት የምትይዘው ክብ ካዝናው ከሰደፉ ሥር ገብታ ትደበቃለች። ቀላል ነው፤ እንደ ሞዴሉ 5 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል። መለዋወጫው እንደ ቶዮታ ነው፤ የማይቀየር ነገር የለውም። ለአፕልሲድ በጣም የምታዩትም እሱን ነው። ቅሬታዬ ቃታው ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ከባድና የሚጎተት ነው። ሌላው ችግር ከጠመንጃው ሳይሆን ከእኛ ነው። ካዝናው አሥር ከያዘ አሥሩን ማንደቅደቅ ያምረናል።

ቦልት የሆነው ለእያንዳንዷ ጥይት እጃችሁን ይፈልጋል። ታቀባብላላችሁ፣ ትተነፍሳላችሁ፣ ትተኩሳላችሁ። ለዒላማ ተኩስ ለሚጠይቀኝ ሰው መልሴ ሁልጊዜ ይሄ ነው። ሳቬጅ ማርክ 2 ዋጋው ለስላሳ ሆኖ ወረቀት ላይ በሚያመጣው ውጤት ያስደንቃል። “አኩትሪገር” የሚባለውን ቃታውን ባለቤቱ ራሱ ማቅለል ይችላል። አጨራረሱ ግን ሻካራ ነው፤ ቦልቱን ስትስቡት የአሮጌ መሳቢያ ድምፅ ይሰማል። የቼኩ ሲዜድ 457 ከእሱ ይወደዳል፤ ግን እንጨቱን ስትይዙት ገንዘባችሁ የት እንደሄደ ይገባችኋል። የቦልቱ እጀታ 60 ዲግሪ ብቻ ስለሚዞር ስኮፑን አይነካም። የፊንላንዱ ቲካ ቲ1ኤክስ በለስላሳነቱ ከሁሉም ይበልጣል ቢባል አልከራከርም። የጀርመኑን አንሹትዝ አንዴ ተኩሼበታለሁ። ዋጋውን ስሰማ በሁለት እጄ ይዤ መለስኩት። ለኦሊምፒክ ዓይነት ተኩስ የተሠራ ነው፤ ለጀማሪ አያስፈልግም።

ባለ ሌቨሩ (ቃታው ሥር ባለ እጀታ የሚቀባበለው) ሄንሪ የካውቦይ ፊልም ደስታ አለው። ለጣሳ እንጂ ለነጥብ አልመክረውም። ለትንሽ ልጅ ደግሞ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርሱት እንደ ሳቬጅ ራስካል ያሉት ይሻላሉ። አንዷን ተኩሶ ሲጨርስ ጠመንጃው ባዶ ነው፤ እናንተም ትረጋጋላችሁ።

ስድስተኛ፦ ቃታውን ሳቡት

ከቱቦው በፊት ቃታው ይበልጥ ይታየኛል። ጥሩ ቃታ ስትጫኑት ሳይንሸራተት ይቆምና እንደ ቀጭን ብርጭቆ ጠርዝ ቀጭ ይላል። መጥፎው እንደ ማስቲካ ይለጠጣል። ሱቅ ውስጥ ሻጩን አስፈቅዱና ባዶ መሆኑን ሁለታችሁም አይታችሁ አንዴ ሳቡት።

ፈቃዱ ለይስሙላ አይደለም። በብዙ ሪምፋየር ጠመንጃዎች ባዶውን ቃታ መሳብ ጉዳት አለው። ጠርዝ ሊመታ የተሠራው መርፌ ጥይት ካላገኘ የጉርሱን (ጥይቷ የምትገባበትን ቦታ) አፍ ብረት ይቀጠቅጣል። ሩገር 10/22ን ባዶውን መሳብ ችግር እንደሌለው ፋብሪካው ራሱ ይናገራል። ለሌላው መመሪያውን አንብቡ። ቤት ውስጥ ለመለማመድ የሬንጅ ሰዎች የሚጠቀሙት ዘዴ አለ። ሥዕል ለመስቀል ግድግዳ ውስጥ የምንከታት ቢጫ ፕላስቲክ ፊሸር፣ ትንሿ ቁጥር 4፣ ልክ በጥይቱ ቦታ ትገባለች። መርፌው እሷን ይመታል። ጥቂት ከተመታች በኋላ ትቀየራለች። በዚያን ሰዓት ክፍሉ ውስጥ አንዲትም እውነተኛ ጥይት መኖር የለባትም።

ሰባተኛ፦ ማነጣጠሪያ

አሁን የተዋረድኩበትን ታሪክ ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ጠመንጃዬን ስገዛ አንድ ሱቅ ውስጥ ያለ ሻጭ ትልቅ፣ የሚያምር ስኮፕ አሳየኝ። “ለአጋዘን አደን ነው፤ ለዚህማ ይተርፋል” አለኝ። እኔም ይተርፋል ሲባል ደስ አለኝ። ሬንጅ ወስጄ በ25 ያርድ ስተኩስ ጥይቶቹ አንዴ ቀኝ፣ አንዴ ግራ። አንድ ወር ሙሉ ቱቦው ጠማማ ነው ብዬ ጠመንጃውን ረገምኩ። በኋላ አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ ጎኔ ቆመው አዩኝና “ጠመንጃውን አትንካው፣ ጭንቅላትህን ብቻ ወደ ጎን ውሰድ” አሉኝ። ወሰድኩ። የስኮፑ መስቀል ዒላማው ላይ ተንሸራተተ።

ይሄ ፓራላክስ ይባላል። የአደን ስኮፖች ብዙ ጊዜ ለ100 ያርድና ከዚያ በላይ የተስተካከሉ ናቸው። ለሪምፋየር ተብለው የሚሠሩት ለ50 ወይም ለ60 ያርድ ነው። ፓራላክሱ የሚስተካከል ከገዛችሁ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ተገላገላችሁ። እንግዲህ ከመክፈላችሁ በፊት ሳጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ።

ስኮፕ የግድ አይደለም። በብረት ማነጣጠሪያ፣ በተለይ ከኋላ ቀዳዳ ባለው ዓይነት መጀመር እጅን ያሠለጥናል። ዕድሜያችሁ ከአርባ ካለፈና የፊተኛው ምልክት ከደበዘዘባችሁ ግን አትድከሙ፤ ስኮፕ ግዙ።

ስምንተኛ፦ ዳኛው ወረቀቱ ነው

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ሁለት አንድ ዓይነት ጠመንጃዎች፣ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ፣ ተከታታይ ቁጥር ያላቸው፣ የሚወዱት ጥይት ሊለያይ ይችላል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የጉርሱ ስፋት፣ የቱቦው ውስጥ፣ አረሩ የሚቀባው ሰም። በሌላ ሰው ምክር ግማሽ ድረስ ነው የምትሄዱት። የቀረውን ራሳችሁ ሞክሩ።

ከአራት እስከ ስድስት ዓይነት ጥይት አንድ አንድ ፓኮ ግዙ። ፓኮው 50 ይይዛል። ከነዚህ መካከል ሲሲአይ ስታንዳርድ ቬሎሲቲ ይኑር፣ የጀርመኑ ኤስኬ ስታንዳርድ ፕላስ ይኑር፣ ከእንግሊዙ ኢሊ አንድ ይኑር። አንድ ርካሽ ፈጣን ጥይትም ጨምሩ፤ ልዩነቱን ለማየት ያህል። “ሃይ ቬሎሲቲ” የተባሉት ከድምፅ ፍጥነት በላይ ይወጣሉ። ዒላማው ጋ ሳይደርሱ ፍጥነታቸው ከድምፅ በታች ይወርዳል፤ በዚያች መሻገሪያ ላይ አየሩ አረሩን ይነቀንቀዋል። ስታንዳርዶቹ ግን በሰከንድ ወደ 326 ሜትር ይወጣሉ፤ ከድምፅ በታች ጀምረው ከድምፅ በታች ይጨርሳሉ። ለወረቀት እነሱ ይሻላሉ። ዝግታ አትፍሩ።

ነፋስ የሌለበት ጠዋት ምረጡ። ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ከፊት የአሸዋ ከረጢት፣ ከኋላ ሰደፉ ሥር ደግሞ ሩዝ የሞላ ካልሲ አድርጉ። እየቀለድኩ አይደለም፤ ካልሲውን ጨበጥ ለቀቅ ስታደርጉት አፈሙዙ በፀጉር ልክ ከፍ ዝቅ ይላል። ዒላማውን 50 ያርድ ላይ ስቀሉ።

ጥይት በቀየራችሁ ቁጥር መጀመሪያ አሥር ጥይት ዝም ብላችሁ ተኩሱ። የፊተኛው ጥይት ሰም ከቱቦው ወጥቶ የአዲሱ መግባት አለበት። ከዚያ አምስት ጥይት ለአንድ ነጥብ። እንዲህ እያላችሁ አምስት ነጥብ ሙሉ። አምስቱ ቀዳዳ የሚሠሩትን ስብስብ ሬንጅ ላይ “ግሩፕ” ይሉታል። በጣም የተራራቁትን ሁለት ቀዳዳዎች ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ በሚሊ ሜትር ለኩና 5.6 ቀንሱ፤ የአረሯ ውፍረት ነው። የአምስቱን ግሩፖች አማካይ ደብተር ላይ ጻፉ። ምርጧን ብቻ ፎቶ አንስቶ ለጓደኛ መላክ ራስን ማታለል ነው። እኔም አድርጌዋለሁ።

የእኔ ደብተር ላይ ለሲዜዷ እንዲህ ይላል፦ ርካሹ ፈጣን ጥይት 38 ሚሊ ሜትር፣ ሲሲአይ 22፣ ኤስኬ 13። አንዱን ጠመንጃ፣ አንዱን ጠዋት፣ አንዱን ሰው ይዘን ነው ይሄ ሁሉ ልዩነት። በ38ቱ ወረቀት ብቻ ብፈርድ ኖሮ ጠመንጃዋን ሸጬያት ነበር።

ያሸነፈውን ጥይት ስታገኙ ፓኮው ላይ የታተመውን የምርት ቁጥር እዩና ከዚያው ቁጥር አንድ 500 ግዙ። ከዚያ ማነጣጠሪያውን በ50 ያርድ አስተካክሉ። ያው ጥይት 100 ያርድ ሲደርስ ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ ዝቅ እንደሚል አትርሱ። በሰዓት 10 ማይል የሆነ የጎን ነፋስ ደግሞ በ50 ያርድ ላይ እንኳ ወደ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይገፋዋል። የኔ ጠመንጃ ዛሬ ምን ነካው ከማለታችሁ በፊት የነፋሱን ባንዲራ እዩ።

ቃታ ስባችሁ ካልተኮሰ ወዲያው አትክፈቱ። አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳደረጋችሁ 30 ሰከንድ ቁጠሩ። አንዳንዴ ዘግይቶ ይለኮሳል። ከተለመደው ድምፅ ይልቅ ፑፍ ያለ ደካማ ድምፅ ከሰማችሁ ደግሞ ሌላ አታጉርሱ። አረሩ ቱቦው ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል አውጥታችሁ፣ ባዶ መሆኑን አይታችሁ፣ ቱቦውን ፈትሹ።

አሮጌ ከገዛችሁ

ሁለተኛ እጅ ባለ 22 ብዙ ጊዜ ጥሩ ግዢ ነው። በትንሽ ባትሪ የአፈሙዙን ከንፈር እዩ፤ የተላጠ ወይም የተጎነደለ ካለ ተዉት። የጉርሱ ጠርዝ ላይ የመርፌ ጠባሳ ካለም ተዉት። ካዝናው ዛሬም በገበያ የሚገኝ መሆኑን ጠይቁ።

ዘጠነኛ፦ ከቤት ጋር ተስማሙ

ባለቤቴ “ቤት ውስጥ ጠመንጃ? ልጆች ባሉበት?” አለችኝ። ትክክል ናት። ጠመንጃውን ከመግዛቴ በፊት መቆለፊያ ሳጥኑን ገዛሁ። ጥይቱ በሌላ ክፍል፣ በሌላ ቁልፍ ይቀመጣል። ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ የቡና ረከቦት ላይ አይጣልም። ማኅበር ወይም ልደት ሲሆን የእኛ ቤት በሰው ልጅ ይሞላል። አልጋ ሥር ማየት ደግሞ የማይወድ ልጅ የለም። ቤታችሁ ውስጥ በጭንቀት የሚናጥ ሰው ካለ፣ ለጊዜው የራሳችሁን አትግዙ፤ ተከራይታችሁ ተኩሱ።

ስትመለሱ እጃችሁንና ፊታችሁን በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ታጠቡ። አረሩ እርሳስ የተባለው ብረት (ሌድ) ነው፤ የሚለኩሰውም ቅመም አብዛኛውን ጊዜ እርሳስ አለበት። ሬንጅ ላይ ምግብ አይበላም። ሸሚዛችሁን ለብቻ እጠቡ፤ ሕፃን ከማቀፋችሁ በፊት ቀይሩ። ቱቦውን በተኮሳችሁ ቁጥር አትፈትጉት፤ ባለ 22 ከፍትጊያ ማነስ ይልቅ ከፍትጊያ ብዛት ይጎዳል። የጉርሱን አፍና ቦልቱን ግን ሁልጊዜ ጥረጉ፤ ቆሻሻው እዚያ ነው የሚጋገረው።

ጋሼ ባለፈው ወር የራሳቸውን ገዙ። ሁሉን አስሞከርኳቸው። ሲዜዷን አቀፏት፣ ቲካውን አመሰገኑ። በመጨረሻ ያነሱት የብረት ማነጣጠሪያ ያለውን ሳቬጅ ነው። “ለምን እሱን?” አልኳቸው። ሰደፉን ክንዳቸው ላይ አስደግፈው ጣታቸውን ዘረጉ። ቃታው ጋ ደረሰ። “ይሄ ይሰማኛል” አሉኝ። ትናንት በ25 ያርድ ቆመው አምስቱን ጥይት በአንድ የቡና ሲኒ አፍ ልክ ከተቱ። ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ አስገቡት።